አሮጌውን ሳታየው አትጣል

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ መኪናዋ ምንም ምልክት አላሳየችም። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ይዛ እንደ ወትሮዋ ወረደች። መስቀል ካለፈ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበርና ገደሉ ገና አረንጓዴ ነው። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ታንከባልላለች። በወረድን ቁጥር አየሩ እየሞቀ መጣ፤ ጋቢዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ድልድዩን ተሻግረን ፊታችንን ወደ ደጀን አቀበት ስናዞር ግን መኪናዋ ሌላ ሆነች።

መጀመሪያ ማነከስ ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት ትቀበልና መሃል ላይ ትለቃለች። እግሬን ሳነሳ ትረጋጋለች፤ መልሼ ስረግጥ ትንፋሽ ያጥራታል። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ሁለቴ አስላ ዝም አለች። ከኋላችን ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቅኩና ኮፈኑን ከፈትኩ።

«ምነው ልጄ?» አለች እናቴ በመስኮቱ።

«ትንሽ ትረፍ ብዬ ነው» አልኳት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ከፊታችን ዳር ይዞ አቆመ። ወርዶ ሞተሩን አየና እጁን ወደ ቤንዚን ፖምፓው አስጠግቶ ወዲያው መለሰው። «ሙቀት ነው ወንድሜ። ቤንዚኑ ፖምፓው ውስጥ ተንኗል።» ከጋቢናው ጨርቅ አምጥቶ በውሃ አራሰና ፖምፓውን ጠቀለለው። «እማማ አይዞዎት፣ አሁን ትነሳለች» ብሎ እናቴን አጽናናት። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሳ። ሾፌሩን አመስግነን፣ እናቴም መርቃው፣ መንገድ ቀጠልን።

አምስት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሄድንም፤ ደግማ ቆመች። ከዚያም ሦስተኛ። የመጨረሻዋን ዳገት ስንያያዝ ፀሐይ ጠልቃ ነበር፤ የደጀን ብርድ በመስኮቱ ይገባል፤ እናቴ ጋቢዋን መልሳ ተከናንባለች። እዚያ ብርድ ውስጥ አራተኛ ጊዜ ስትቆም አንድ ነገር ገባኝ። ጥፋቱ የሙቀት አልነበረም።

ማጥለያ

ማታውን ደጀን አደርን። ጠዋት አንድ ወጣት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ገና ሳይነካው በጣቱ ጠቆመኝ። «ፊልትሮው ነው።» ከአውራ ጣት ብዙ የማትበልጥ የፕላስቲክ ዕቃ ናት፤ በሁለቱ ጫፎቿ የጎማ ቱቦ ገብቶባታል። ድሮ ውስጧ የሚታይ ነበር፤ አሁን የሻይ ቀለም ይዛለች። ልጁ ነቀላትና በአፉ ወደ ኋላ ነፍቶ መለሳት። «ቀስ ብለህ ከነዳህ ታደርስሃለች፤ አዲስ አበባ ስትገባ ግን ቀይራት» አለኝ።

እናቴ ከመኪናው ውስጥ ስትሰማ ነበር። «ፊልትሮ ያላችሁት ምንድን ነው?»

«ቤንዚኑን የሚያጣራ ነው።»

«ማጥለያ ነዋ!» አለች። ቀጥላም፣ «አተላው ሲበዛ ጨርቁ አያሳልፍም። ጠላው ከላይ ይቆማል፣ ከታች ጠብ ጠብ ይላል። እንግዳ ሲበዛና ቶሎ ቅጂ ሲሉሽ ነው መከራው።»

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍም መካኒክም ጠይቄያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ ግን አላገኘሁም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1979 ገበያ ላይ ከዋለው የቶዮታ ኮሮላ ትውልድ አንዷ ናት። እኛ «ዲኤክስ» የምንላት፣ ዴሉክስ የሚለው ስያሜ በሁለት ፊደል አጥሮ ነው። 4ኬ የሚባለው ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው። ኮምፒዩተር የላትም፤ ቤንዚኑ ከታንክ ተነስቶ እስኪቃጠል ድረስ የሚሄድበትን መንገድ በዓይን መከተል ይቻላል። ታንኩ ከኋላ ነው። ከእሱ የሚወጣ ቀጭን የብረት ቱቦ በመኪናው ሆድ ሥር ወደ ፊት ይመጣል። ሞተሩ ጋ ሲደርስ በጎማ ቱቦ ወደ ፊልትሮው ይገባል፤ ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው፣ ከፖምፓው ወደ ካርቡሬተሩ ይሻገራል። ፖምፓው የሚንቀሳቀሰው በሞተሩ ጉልበት ነው፤ ቤንዚኑን ይስበዋል እንጂ በብዙ ግፊት አይወረውረውም።

ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች። በውስጧ የሚንሳፈፍ ነገር አለ፤ ቤንዚኑ ሲጎድል ዝቅ ብሎ መግቢያውን ይከፍታል፣ ሲሞላ ከፍ ብሎ ይዘጋል። ሞተሩ የሚጠጣው ከዚያች ጎድጓዳ ነው። ሜዳ ላይ ስትነዱ የሚጠጣው ትንሽ ስለሆነ ግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ እንኳ ያዳርሳል። ዳገት ላይ ሲሆን ግን እንደ ሠርግ ቤት ነው፤ ቅጂ የሚለው በዛ። የሚወጣው ከሚገባው ይበልጥና ጎድጓዳዋ ትደርቃለች፤ ሞተሩ ይጠፋል። ሩብ ሰዓት አርፋችሁ ቁልፉን ስታዞሩ ጠብ ጠብ እያለ ይሞላል፤ ሞተሩም ይነሳል። ሾፌሩ ጨርቅ ባይጠቀልልበትም ያን ያህል ጊዜ ብንጠብቅ ኖሮ መነሳቷ አይቀርም ነበር።

ሾፌሩ ግን ያለ ምክንያት አልተናገረም። በካርቡሬተር መኪና ላይ ቤንዚን በሙቀት ተንኖ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል። ሁለቱ በሽታዎች አንድ መልክ አላቸው፤ ሁለቱም ዳገት ላይ ይይዛሉ፣ ሁለቱም ሲያርፉ ይለቃሉ። የሚለያቸው ብርድ ነው። ሙቀት ያቆማት መኪና ማለዳ ላይ ያንኑ ዳገት ትወጣዋለች። ፊልትሮዋ የተደፈነባት ግን በጋም ክረምትም ያቺው ቦታ ላይ ትቆማለች። ተኝተው ካደሩ በኋላም።

ነጭ ሳህን

አዲስ አበባ ስመለስ ጎረቤቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወዳለች ጠባብ ጋራዥ ላከኝ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ አልኳቸው። የነገርኳቸውን ሁሉ አዳመጡና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ደጀን ላይ በአፉ ነፋው አልከኝ?» የሚል ሆነ። አዎ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁን ግን አልወቀሱም። «መንገድ ላይ ያለ ሰው ያለውን ያደርጋል» አሉ። «ችግሩ፣ የነፋኸው ቆሻሻ ግማሹ ወደ ቱቦው ተመልሶ ይገባል። ወረቀቱም ይጎዳል።»

የጠላ ማጥለያ ጨርቅ ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ ለሌላ ቀን ይቀመጣል። የቤንዚን ፊልትሮ ግን ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ነው። ጥሩ የሆነው 10 ማይክሮን አካባቢ ያለ ብናኝ ይይዛል፤ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወረቀት በአየር ሲነፋ ውስጡ የገባው ደቃቅ ነገር አይለቅም፤ ይልቁንም ሊቀደድ ይችላል። የተቀደደ ፊልትሮ ከተደፈነው ይብሳል። የተደፈነው ያቆማችኋል፤ የተቀደደው ሳያቆማችሁ ቆሻሻውን ያሳልፋል።

ጋሼ መጀመሪያ ሙከራ አደረጉ። እሳት እንዳይረጭ የኮይሉን ገመድ አላቀቁ፤ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ነቅለው ወደ ጠርሙስ አስገቡና ሞተሪኖውን እንዳዞር አዘዙኝ። ቤንዚኑ ደከም ደከም እያለ ተንጠባጠበ። «አየህ፣ ፖምፓው ይስባል። የሚስበው ግን የለም።»

ከዚያ ፊልትሮዋን ነቀሏት። እኔ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ሊወረውሯት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ረዳታቸውን «ሳህኑን አምጣ» አሉት። ልጁ ጠርዙ የተላጠ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን አመጣ። የፊልትሮዋን መውጫ በአውራ ጣታቸው ደፍነው፣ ቤንዚን ይገባባት የነበረውን ጫፍ ወደ ሳህኑ ዘቅዝቀው ቀስ ብለው ነቀነቋት።

መጀመሪያ የወጣው ቤንዚን ጠጅ መስሎ ነበር። ቀጥሎ ቀላ ያለ ዱቄት ተከተለና ሳህኑ ግርጌ ላይ እንደ በርበሬ ተኛ። በመሃሉ ጥቃቅን ጥቁር ቅርፊቶች አሉ። ጋሼ ሳህኑን ወደ ብርሃን ይዘው ዘንበል ሲያደርጉት ደግሞ ከቤንዚኑ ሥር እንደ ብርጭቆ ዶቃ ክብ የሆኑ ጠብታዎች ተንከባለሉ።

«ቀዩ ዝገት ነው፣ ከታንክ የመጣ። ጥቁሩ ጎማ ነው፤ ቱቦህ ከውስጥ እየተላጠ ነው። እነዚህ ዶቃ የመሰሉት ውሃ ናቸው።» ዝም ብለው ትንሽ አዩት። ከዚያ ቀና ብለው «ይህች መኪና ብዙ ጊዜ ቆማ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መኪናዋ የአባቴ እንደነበረች እንኳ አልነገርኳቸውም ነበር።

«ሁለት ዓመት፣ ጋሼ።»

«ታንኩ ሞልቶ?»

«ሩብ ያህል ነበረው።»

አባቴ የአልጋ ቁራኛ በሆነባቸው ሁለት ዓመታት መኪናዋ ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። እኔ በየወሩ እየሄድኩ አስነሳትና አምስት ደቂቃ ካሠራኋት በኋላ አጠፋታለሁ። መስኮቱ አጠገብ ተኝቶ ድምፅዋን ሲሰማ ፊቱ ይፈካ ነበር፤ እኔም ንብረቱን እየጠበቅኩለት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ ዝገቱ ከኋላ፣ ከማላየው ቦታ፣ ሥራውን ይሠራ ነበር።

«ሰው የሚያዳምጠው ሞተሩን ነው» አሉ ጋሼ። «የሚዝገው ግን ታንኩ ነው።»

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሩብ ቤንዚን ያለው ታንክ ሦስት እጁ አየር ነው። አየሩ እርጥበት ይይዛል። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ በብረቱ ግድግዳ ላይ እንደ ጤዛ ይቋጥርና ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ቤንዚን የማይደርስበት ግድግዳም፣ ውሃ ያጠራቀመው ወለልም ይዝጋል። ታንኩ ሞልቶ ቢቆም ኖሮ አየሩ ትንሽ፣ ጤዛውም ትንሽ በሆነ ነበር። ከዓመታት በኋላ መኪናዋ መንገድ ስትወጣ የተኛው ዝቃጭ ይንቀሳቀሳል። የዓባይ አቀበት ላይ ስንወጣ ደግሞ ታንኩ ዘንበል ብሎ ዝቃጩን በአንድ ጊዜ ወደ መውጫው አፍ ሰበሰበው።

ለዚህ ነው ጋሼ ለረዳቶቻቸው አንድ ሕግ ያስተማሩት፤ አሮጌውን ሳታየው አትጣል። ፊልትሮ መቀየር አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ አሮጌዋን ሳያዩ አዲሷን ብቻ የገጠሙ ግን በሽታውን ሳይጠይቁ ኪኒን እንደዋጡ ነው። ዝገቱ ካልተጠረገ አዲሷም በወር ውስጥ ትደፈናለች። ያን ጊዜ ሰው «የዛሬ ዕቃ አይረባም» ይላል።

ከፊንጫ እስከ ታንካችን

የሳህኑ ጥቁር ቅርፊት ሌላ ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሚሸጠው ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖሉ ከስኳር ምርት ከሚተርፈው ሞላሰስ የሚወጣ ነው፤ መጀመሪያ የመጣውም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ነበር። ፊንጫ ወንዝ ራሱ የዓባይ ገባር ነው። ከውጭ የሚገዛ ነዳጅን በአገር ምርት መተካት መልካም ሐሳብ ነው፤ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ግን ማወቅ የሚገባው ሁለት ጠባይ አለው።

አንደኛ፣ ኢታኖል የማጠብ ጠባይ አለው። በታንክና በቱቦ ግድግዳ ላይ ለዓመታት የተጋገረውን ሙጫ እየፈታ ወደ ፊት ይሰዳል፤ በድሮ ዘመን የተሠራ የጎማ ቱቦንም ያለሰልሳል፣ ያሳብጣል፣ ይልጣል። ሁለተኛ፣ ኢታኖል ውሃ ይወዳል። ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ይቀላቀለዋል፤ ውሃው ሲበዛ ግን ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፤ የታንኩ መውጫ ደግሞ ያለው እዚያው ታች ነው። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ፊልትሮ ሲቀይር ቱቦውንም ዘመናዊ ቤንዚን በሚችል ቱቦ ቢለውጥ ይሻለዋል። ቱቦውን አጥፎ ማየት ይበቃል፤ ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ዕድሜው አልቋል።

የነዳጁ ጉዞም ረጅም ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነስቶ በቦቴ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ማደያ ጉድጓድ ይገለበጣል፤ ከማደያው ወደ እኛ ታንክ። ወረፋ በበዛበት ጊዜ ደግሞ ሰው በጄሪካን ይገዛል፣ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጠውንም ያገኛል። ዕቃ በተለዋወጠ ቁጥር አቧራና ጠብታ ውሃ ይጨመራል። ማደያ ጉድጓዱ በቦቴ እየተሞላ ባለበት ሰዓት አለመቅዳት ጥሩ ልማድ ነው፤ የተኛው ዝቃጭ ያን ጊዜ ይናወጣል። ታንክን እስኪደርቅ አለመንዳትም እንዲሁ።

አቀያየሩ

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወጣሁ። ጋሼ አሮጌዋን በላስቲክ ጠቅልለው ሰጥተውኝ ነበር፤ «ስሟን አትጥራ፣ አሳያቸው» ብለው። የቱቦ መግቢያዋ ውፍረት ከአሮጌዋ እኩል መሆኑን፣ የውስጥ ወረቀቷ እጥፋት ወጥ መሆኑን፣ ሰውነቷ ላይ የአቅጣጫ ቀስት መኖሩን እንዳይ ነገሩኝ። ዋጋዋ ከሌላው ዕቃ ሁሉ ትንሹ ነበር። አጠገቤ የቆመው ሰው ለአንድ የፊት መብራት የከፈለውን ሳይ፣ ይህን ያህል መንገድ ያቆመችን ነገር ይህቺ ናት ወይ ብዬ ተገረምኩ።

ስመለስ ጋሼ ሥራውን እኔው እንድሠራው ፈቀዱልኝ፤ እሳቸው ቆመው ያዙኛል። መጀመሪያ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። መኪናዋን ከጋራዡ ጉድጓድ አርቀን ገላጣ ላይ አቆምናት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፣ ቤንዚን ደግሞ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ሲጋራ የያዘ ጎረቤት ወደ ውጭ ተሸኘ። የእሳት ማጥፊያውን አጠገባችን አቆምን፤ ቤንዚን በውሃ አይጠፋም፣ ውሃው ይበትነዋል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታሁ። የታንኩን ክዳን ከፍቼ የታመቀውን አየር አስተነፈስኩ። ከሥር ጣሳ አስቀመጥኩ። ከታንክ የሚመጣውን ቱቦ በፒንሳ ሳይሆን በለስላሳ መያዣ ጨብጬ፣ ጎማውን የሚያጠብቁትን የብረት ቀለበቶች በካቻቢቴ አላላሁ። ቱቦው ለዓመታት ተጣብቆ ስለኖረ መጎተት ሳይሆን ወዲያና ወዲህ ማዞር አስፈለገው። ሁለቱንም ቱቦዎች በአዲስ ለወጥናቸው።

«ቀስቱ ወዴት ያያል?» ጋሼ ጠየቁ።

«ወደ ሞተሩ።»

«በል።»

ተገልብጣ ብትገጠም ቤንዚን አታግድም ነበር፤ ግን የወረቀቷ ሰፊ ገጽ የተዘጋጀው ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚሄድ ፍሰት ነውና ቶሎ ትደፈናለች። ቀለበቶቹን ሳጠብቅ እጄን ያዙኝ። «ፕላስቲክ ነው። ቱቦው እንዳይዞር ብቻ። ከዚያ በላይ ካጠበቅከው ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀውን ደግሞ ነገ እንጂ ዛሬ አታየውም።»

ባትሪውን መልሼ ሞተሪኖውን አዞርኩ። አዲሷ ፊልትሮ ውስጥ ቤንዚኑ ገባ፤ ግማሽ ድረስ ሞላና ቆመ። የጎደለ ነገር ያለ መስሎኝ ቀና አልኩ። ጋሼ ግን ይህ የተለመደ ነው አሉኝ፤ ሞተሩ እየሠራ ፍሰቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ፊልትሮዋ አፏ ድረስ መሙላት የለባትም። ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆመን አየናት፣ መገጣጠሚያዎቹን በደረቅ ጨርቅ ዳሰስን፣ አሸተትን። ሽታ ካለ ሥራው አላለቀም።

በመጨረሻ ታንኩ ወረደ። ከውስጡ የወጣውን አልዘረዝርም፤ ሳህኑ አስቀድሞ ተናግሮታል።

ሁሉም መኪና ዲኤክስ አይደለም

እዚህ ላይ አንባቢዬ እንዲጠነቀቅ እፈልጋለሁ። ከላይ የጻፍኩት ለካርቡሬተር መኪና ነው። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት ኢንጀክሽን መኪኖች ቤንዚኑን በኤሌክትሪክ ፖምፓ ሦስት ባር ገደማ በሆነ ግፊት ይገፉታል፤ ግፊቱም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መስመሩ ውስጥ ይቆያል። ቱቦው በድንገት ቢፈታ ቤንዚኑ ዓይን ላይ ይረጫል። ስለዚህ መጀመሪያ የፖምፓው ፊውዝ ይነቀላል፤ ሞተሩ ያለውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ይሠራል። ፊልትሮው ከብረት የተሠራ ነው፤ በሁለት መፍቻ፣ አንዱ ይዞ ሌላው እየፈታ ካልሆነ ቱቦው ይጠመዘዛል። የመዳብ ቀለበቶቹ በየጊዜው አዲስ መሆን አለባቸው። የካርቡሬተር ፕላስቲክ ፊልትሮ በዚህ መኪና ላይ መግጠም እሳት መጋበዝ ነው። ዘመን እየገፋ ሲመጣ ደግሞ ብዙ አምራቾች ፊልትሮውን ከፖምፓው ጋር ታንክ ውስጥ ከትተውታል፤ እሱን መንካት ልምድ ይጠይቃል።

የናፍታ መኪና ነገር ይብሳል። ሃይሉክሱ፣ ላንድ ክሩዘሩ፣ ያ ያቆመልን አይሱዙ፣ ሁሉም ፖምፓቸውና ኖዝላቸው የሚለሰልሰው በናፍታው በራሱ ነው። ውሃ አያለሰልስም። አንድ ሲኒ ውሃ ለአንድ የናፍታ ፖምፓ ሞት ሊሆን ስለሚችል፣ የናፍታ ፊልትሮ ከሥሩ የውሃ ማስወጫ አለው። እሷን በየጊዜው ላላ አድርጎ ውሃውን ማፍሰስ ከፊልትሮ ቅያሪ እኩል የሚታይ ሥራ ነው። ሲቀየርም አየር ይገባልና ከላይ ባለው የእጅ ፖምፓ እጅ ላይ እስኪጠነክር ድረስ መግፋት ያስፈልጋል፤ አየር የገባበት ናፍታ ሞተር አይነሳም።

ስንት ጊዜ ይቀየር ለሚለው የመኪናው መመሪያ ዳኛ ነው። መመሪያ ለሌለው ጋሼ የሚሰጡት ምክር በዓመት አንዴ፣ ብዙ ለሚነዳ በ20,000 ኪሎ ሜትር፣ ቆማ ለከረመች ግን ከመንገድ በፊት የሚል ነው። አንዳንዱ ግን መቀየሩ ሰልችቶት ፊልትሮውን አውጥቶ ቱቦ በቱቦ ይቀጥላል። ይህን የሚያደርግ ሰው የሚያመጣውን አያውቅም፤ አንዲት የዝገት ቅንጣት ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን መዝጊያ ከፍታ ብትይዘው ቤንዚኑ ሞልቶ በጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል።

ቋንቋውም ዕድሜ አለው

ጋሼ ሥራ የተማሩት ከኤርትራ ከመጡ አንድ መካኒክ ነው፤ መካኒኩ ደግሞ ከጣሊያኖች። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፤ የጋራዣችን መዝገበ ቃላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ የተወልን፣ ጠላት ሲወጣ እጃችን ላይ የቀረ መሣሪያ ነው። ባለሙያዎቻችን በእነዚህ ቃላት የጃፓን፣ የጀርመን፣ የራሺያ መኪና ጠግነውበታል።

ያ ዕውቀት ዛሬ የበለጠ ያስፈልገናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና የነዳጅ ፊልትሮ አያስፈልገውም፤ ወደዚያ መሄዳችን ደግ ነው። እስከዚያው ግን ከተማችንንም ገጠራችንንም የሚያመላልሱት እነዚሁ ያረጁ መኪኖች ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የሚያረዝመውም ትንንሽ ዕቃቸውን በወቅቱ የሚያይ ሰው ነው።

ታንኩ ታጥቦ ከተመለሰ በኋላ ጋሼ ሁለተኛዋን ፊልትሮ በ1,000 ኪሎ ሜትር እንዳመጣላቸው አዘዙኝ። አመጣሁ። ሳህኑ ላይ ትንሽ ቀይ ነበር፤ የውሃ ዶቃ ግን አልነበረም። ሦስተኛዋን ከፋሲካ በኋላ ከእናቴ ጋር ደብረ ማርቆስ ደርሰን ስንመለስ ቤቴ በራፍ ላይ እኔው ፈታሁ። በሄድንበት ቀን የዓባይን አቀበት ሳንቆም ወጥተን ነበር፤ እናቴ ያ ሾፌር ያቆመልን ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ስሙን ሳታውቀው ዳግመኛ መረቀችው።

ከጓዳ ነጭ ሳህን ይዤ መጣሁ። እናቴ ተከትላኝ ወጣች። ፊልትሮዋን ዘቀዘቅኩ፣ ነቀነቅኩ፣ ቤንዚኑ ተንኖ እስኪያልቅ ጠበቅን። እናቴ ጣቷን ሳህኑ ላይ አሻሽታ አየች፤ ከጣቷ ጫፍ ላይ እምብዛም የማይለይ አቧራ ብቻ ነበር።

«አባትህ ቢያይ» አለች፤ ሳህኑንም ልታጥበው ይዛው ገባች።